የሩሪ ድምፅ የነበረች ሴት

ካዙኤ ናራሳኪ ልምምድ የምታደርገው የፍራሽ ቁምሳጥን ውስጥ ገብታ ነበር። ናካኖ በተባለው የከተማው ሰፈር ያለችው ክፍሏ የእንጨት ቤት ናት፤ ግድግዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ ጎረቤት ሻይ ሲያፈላ የውኃው መንተክተክ ይሰማል። ስለዚህ ከፍራሾቹ ግማሹን ታወጣና፣ ጉልበቷን እስከ አገጯ አጥፋ ገብታ፣ ተንሸራታቹን በር ከውስጥ ትዘጋለች። በእጅ ባትሪ ጽሑፏን ታበራለች። የቀረው ፍራሽ ድምፁን ይውጠዋል። እዚያ ጨለማ ውስጥ የሠላሳ ስድስት ዓመቷ ሴት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትሆናለች። የልጅቷ ስም ሩሪ ነው።

ሩሪ በሕይወት የነበረች ልጅ አይደለችም። «የመስታወት ትከሻ» በተባለና በየወሩ በመጽሔት ይወጣ በነበረ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ያለች ናት። ታሪኩ ከሞት አፋፍ ስለተመለሱ ሴት ልጆች ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ልጆቹን ከየሆስፒታሉ ይሰበስባል፤ የተሰበረ አጥንታቸውን በብረት፣ የቆሰለ ሥጋቸውን ሰው በሠራው ሥጋ ይተካል፤ ያለፈ ሕይወታቸውን በመድኃኒት ያስረሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰው እንዲገድሉለት ያሰማራቸዋል። እያንዳንዷን የሚያሠለጥንና የሚያዝዝ አንድ ሰው ይመደብላታል። መድኃኒቱ አንጎልን ቀስ በቀስ ስለሚበላ ዕድሜያቸው አጭር ነው። አካላቸው ግን እስከ መጨረሻው ብርቱ ነው።

ይህ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቴሌቪዥን ሲሠራ የሩሪን ድምፅ የሰጠችው ካዙኤ ነበረች። ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ጉንፋን ይዟት የዳነች ሕፃን ይመስላል። ሥራ በጀመረችበት ጊዜ ይህ ድምፅ ብዙ በር ዘግቶባት ነበር። ለሩሪ ግን እንደ ቁልፍ ገጠመ። በዚያ አንድ ወቅት ካዙኤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ስቱዲዮ ትሄዳለች፤ ሌሎቹ ተዋንያን እሷን «ናራሳኪ» ከማለት ይልቅ «ሩሪ፣ ነይ ብስኩት ብይ» ይሏታል፤ እሷም ትመጣለች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በስም ጠርቶ ብስኩት ብይ ያላት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ፊልሙ ያለቀው ታሪኩ ሳያልቅ ነው። ደራሲው መጽሔቱ ላይ መሳሉን ቀጠለ፤ ካዙኤም ወር በመጣ ቁጥር ጣቢያው አጠገብ ካለው መጻሕፍት ቤት ቆማ ታነባለች። የሩሪ ሞት የወጣ ቀን ግን ቆማ ማንበብ አልሆነላትም፤ ገዝታ ወደ ቤቷ ሄደች። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሩሪ አልጋ ላይ ናት። አሠልጣኟን መለየት አቁማለች። ምን ስትሠራ እንደኖረች ረስታለች። አንዲት ነርስ ትገባለች። ሩሪ ዓይኗን ትገልጥና፣ «ዛሬ ሥራ የለኝም?» ብላ ትጠይቃለች። ነርሷ፣ «የለሽም። ዛሬ የለሽም፤ ተኚ» ትላታለች። ልጅቷ ትተኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ካዙኤ ያን ገጽ ገልጣ ብዙ ሰዓት ቆየች። ሁለተኛ ፊልም መሠራቱ እንደማይቀር ሁሉም ሰው ያወራ ነበር። ያን ጊዜ ያቺን አንዲት ጥያቄ የምትናገረው እሷ ናት። ቁምሳጥኑ ውስጥ ገብታ መለማመድ የጀመረችው ያኔ ነው፤ ማንም ሳይቀጥራት፣ ማንም ሳያዝዛት። በሹክሹክታ ሞከረችው። በተቆራረጠ ትንፋሽ ሞከረችው። በመጨረሻ አንድ አባባል አገኘች፤ «ሥራ» የሚለው ቃል ላይ ድምፅዋ ሊሰበር ይልና ሳይሰበር ያልፋል። ያን ካገኘች በኋላ ለዓመታት አልለወጠችውም።

ኑሮዋን የምትገፋው በሌላ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት የምሳ ሣጥን በሚሸጥ ቤት ዓሣና ዶሮ ትጠብሳለች፤ የዘይቱ ጭስ ጉሮሮዋን እንዳይነካ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ ትሸፍናለች። የቤቱ ባለቤት መሸፈኛውን ለንጽሕና የምታደርገው ይመስላቸውና በሌሎቹ ሠራተኞች ፊት ያመሰግኗታል። ከሰዓት በኋላ፣ ሲገኝ፣ የድምፅ ሥራ አለ፤ የአውቶቡስ ማቆሚያ ማስታወቂያ፣ የሩዝ ማብሰያ ማሽን ውስጥ «በስሏል» የምትል ድምፅ፣ በሌላ ፊልም ውስጥ ሁለት ቃል ተናግራ የምትሞት ሴት። ማታ ማንም ቤቷ አይመጣም። ስልክ የሚደውልላት ታላቅ ወንድሟ ሺገቶ ብቻ ነው፤ እሱ በሰሜን፣ በአኦሞሪ ባሕር ዳርቻ፣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እያደረቀ ይሸጣል። ሌሊት የታየውን የፊልሙን የመጀመሪያ ክፍል ለማየት ከአልጋው ተነሥቶ እንደነበር በማግስቱ ደውሎ ነገራት።

«ሁሉንም ሰማኋቸው» አላት፣ «ግን የትኛዋ ነሽ?»

«ትንሿ ናት፣ ወንድም ጋሼ። ጸጉረ አጭሯ።»

«ሂጂ ወዲያ፣ እሷማ ልጅ ናት!»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠይቋት አያውቅም። የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ ምግብ እየበላች እንደሆነ።

ሁለተኛው ፊልም ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ እውነት ሆነ። ካዙኤ ወኪሏ ሂዋታሪ እስኪደውል ጠበቀች። ሂዋታሪ ቁጥብ ሰው ነው፤ ተዋንያንን ምሳ ሲጋብዝ ሶባ የሚባለውን ተራ የፓስታ ሾርባ ያዝዝና መረቁን ጨርሶ ይጠጣል። ያን ቀን ግን ከላዩ የተጠበሰ ትልልቅ ሽሪምፕ ያለበትን ለሁለት ሰው አዘዘ። ካዙኤ ሽሪምፑን ስታይ ገባት። በዚህ ሙያ ማንም ሰው ሌላውን «ተተክተሻል» አይለውም።

«ይብሉ እንጂ ናራሳኪ ሳን፣ ይቀዘቅዛል» አላት፣ በአገሩ የአክብሮት መጥሪያ። ከዚያም ዓይኑን ሳህኑ ላይ እንደተከለ፣ ፊልሙን አሁን የሚሠራው ሌላ ድርጅት እንደሆነ፣ ድርጅቱም ሥዕሉን ሁሉ ከነድምፁ አዲስ ማድረግ እንደፈለገ አወራት። ሠዓሊዎቹ ተለውጠዋል፤ ሙዚቃው ተለውጧል፤ ከድሮዎቹ ተዋንያን በያዘው ሚና የቀረ የለም። «ሩሪም ወደ ሌላ ሰው ሄዳለች» አለ፣ ትምህርት ቤት የቀየረች ልጅ ይመስል።

«ደህና ሰው ናት?»

«ወጣት ናት። ኦሚ ትባላለች።»

ካዙኤ ሽሪምፑን እስከ ጅራቱ በላች። መተው ነውር መሰላት። አመስግና ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ ተሰናበተች፤ በእግሯ እስከ ቤቷ ሄደች። ያን ማታ ቁምሳጥኑን አልከፈተችም፤ ፍራሽ ሳታነጥፍ ወለሉ ላይ ካፖርቷን ለብሳ ተኛች።

ክረምቱ አለፈ። ሂዋታሪ እንደገና ሲደውል ድምፁ የተቸገረ ሰው ድምፅ ነበር። የአዲሱ ፊልም የድምፅ አዘጋጅ፣ ኢሶጋይ የሚባሉ ሴት፣ ካዙኤን ለትንሽ ሚና እንደሚፈልጓት ነገራት። የመጨረሻው ክፍል ላይ ያለችው ነርስ ናት። ሴትዮዋ ያሰቡት የድሮዋን ሩሪ ለማክበር ይሁን ወይም ለነርስ የሚሆን ድምፅ አጥተው ይሁን፣ እሱም አላወቀም።

«እምቢ ቢሉ ማንም አይቀየምም» አላት። «እኔ ራሴ እምቢ ቢሉ ደስ ይለኛል።»

ካዙኤ በልቧ የሩሪን የመጨረሻ ደቂቃ አሰበችው። ሩሪ ስትሞት ሌላ ሰው ልጅቷን ይዞ፣ እሷ ናካኖ ቁጭ ብላ። ከዚያ ይልቅ አጠገቧ ብትሆን ይሻላል። እንደምትመጣ ነገረችው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ልብሷ ሲንቀሳቀስ የማይንኮሻኮሽ ጥጥ ነው፤ ሰዓቷን አውልቃለች፤ ሆዷ ማይክሮፎኑ ፊት እንዳያጉረመርም የሩዝ ቂጣ መንገድ ላይ በልታለች። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። የመካከሉ የዋና ተዋንያንና የአንጋፎቹ ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ለአዲሶችና ለአንድ ቀን እንግዶች። ካዙኤ በፊት መካከል ትቀመጥ ነበር። ዛሬ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰው በመጣ ቁጥርም እየተነሣች ከባዱን በር ትከፍታለች።

ሦስተኛው የገባው አዛውንቱ ጹሩማኪ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ሩሪ በጥይት የገደለችው ሚኒስትር እሱ ነበር፤ ካዙኤ ያን ትዕይንት ስትሠራ አጠገቧ ወድቆ የእውነት የሚሞት መስሎ ሲያጣጥር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። አሁን ደግሞ ሐኪም ሆኖ መጥቷል።

«አንቺ ልጅ» አላት፣ «ባለፈው ገደልሽኝ፤ ይኸው ተነሥቼ ላክምሽ መጣሁ፣ አንቺ ግን የለሽም። ምን ዓይነት ዓለም ነው?»

ነርስ መሆኗን ነገረችው። ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ተመለከታትና፣ እንግዲያውስ አብረን ከልጅቷ ራስጌ እንቆማለን አላት። መካከል ሄዶ መቀመጥ ሲገባው ከጎኗ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሌሎቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ አንጋፋው እዚያ ከተቀመጠ የት ይቀመጡ? በመጨረሻ ካዙኤ ለምና አስነሣችው።

ኦሚ ስትገባ ካዙኤ በሩን ከፈተችላት። ቀጭን፣ ረጅም አንገት ያላት ልጅ ናት። በሩን የከፈተላት ማን እንደሆነ ስታውቅ ፊቷ ደም መሰለ፤ ወገቧን አጥፋ ሰገደችና ሳትቃና ቆየች። በዚህ ሙያ አዲሷ የድሮዋን ባለሚና አስቀድማ ፈልጋ ማነጋገር ነበረባት፤ አላደረገችውም። ካዙኤ ቀና በይ ሰው ይገባል አለቻትና በሩን ያዘችላት።

ሥራው ተጀመረ። እንደ ብዙ ጊዜው ሥዕሉ አላለቀም ነበር። ፊልሙ በሚታይበት መጋረጃ ላይ እዚህም እዚያም የእርሳስ መስመር ይታያል፤ አብዛኛው ግን ነጭ ነው። ነጩ ላይ የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ስም በጥቁር ቀለም ብቅ ይላል፤ ስሙ እስኪጠፋ ድረስ የዚያ ሰው ተራ ነው። ተዋንያኑ ጽሑፋቸውን ይዘው፣ ወረቀቱን ድምፅ ሳያሰሙ እየገለጡ፣ ወደ አራቱ ማይክሮፎኖች ይቀርባሉ፤ ተናግረው ሲጨርሱ ከኋላ ዞረው ለሚቀጥለው ይለቃሉ። ሥራውን ያላየ ሰው ዳንስ ይመስለዋል። ካዙኤ የሕዝብ ጫጫታ በሚያስፈልግበት ቦታ ከሌሎቹ ጋር ተነሥታ ጮኸች፣ ሳቀች፣ ገበያተኛ ሆነች። ኦሚን በጆሮዋ ተከታተለቻት። ልጅቷ መጥፎ አይደለችም። ግን በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ አንድ የምታውቀው መሻከር ይሰማት ነበር፤ ጉሮሮዋ ጥሩ ሆኖ ሳለ ልጅቷ ሆን ብላ ታሻክረዋለች። ካዙኤ የእሷን ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው ያየች ያህል ዓይኗን አነሣች።

የመጨረሻው ትዕይንት ልምምድ ደረሰ። የነርሷ ንግግር ከሩሪ ቀጥሎ ስለሆነ ካዙኤ ቀድማ ተነሥታ ሁለተኛው ማይክሮፎን ፊት ቆመች። ኦሚ ዝቅ ያለው ማይክሮፎን ፊት ናት። መጋረጃው ነጭ ሆነ። የአልጋ ሥዕል እንኳ የለውም።

ነጩ ላይ «ሩሪ» የሚል ስም ብቅ አለ።

ካዙኤ ተናገረች። አላሰበችውም። ስሙ ሲወጣ አፏ ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ፊልም ጊዜ ስሙ በታየ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ የተከፈተ አፍ ነው። ያ ለዓመታት በጨለማ ውስጥ የተለማመደችው ድምፅ ወጣ፤ ዝግ ብሎ፣ «ሥራ» የሚለው ላይ ሊሰበር ብሎ፣ ሳይሰበር አለፈ። የኦሚ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ስሙ ጠፋና «ነርስ» የሚለው ወጣ፤ መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ከመቆጣጠሪያው ክፍል መስታወት ወዲያ ያሉት ቴክኒሻኖች አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ የኢሶጋይ ድምፅ በማጉያው መጣ፤ ረጋ ያለ ነበር።

«ናራሳኪ ሳን፣ የእርስዎ ቀጥሎ ያለው ነው።»

ካዙኤ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ወደ ኦሚ ዞራም ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ጹሩማኪ ከወንበሩ ሆኖ፣ እሱም ቤት ከቀየረ በኋላ አንድ ማታ የድሮ ቤቱን በር ከፍቶ «መጣሁ» ብሎ እንደገባ፣ የቤቱ አዲስ ሴትዮም «እንኳን ደህና መጡ» ብላ ጫማውን ልትቀበለው እንደነበር አወራ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ለካዙኤ የተጣለ ገመድ ነበር፤ እሷም ያዘችው። ኢሶጋይ ዕረፍት አወጁ።

ካዙኤ ኮሪደሩ ጫፍ፣ መጠጥ የሚሸጠው ማሽን አጠገብ ሄዳ ቆመች። በውስጧ ግን ከኀፍረቱ ሥር አንድ የማይገባ ደስታ ነበረ፤ ብላዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን፣ ማንም ባይቀዳው፣ ሰው በተቀመጠበት ብላዋለች።

ኦሚ ትኩስ ሻይ በቆርቆሮ ይዛ ከኋላዋ መጣች። በሁለት እጇ አቀረበችላት። በመጀመሪያ አስቀድማ መጥታ ሰላም ባለማለቷ ይቅርታ ጠየቀች። መምጣት ፈልጋ እስከ ካዙኤ ወኪል ቢሮ በር ደርሳ እንደተመለሰች ነገረቻት።

«ፈርቼ ነው» አለች። «የመጀመሪያው ፊልም ሲታይ ገና ተማሪ ነበርኩ። ቀድቼ ስሰማዎት ነው ያደግኩት። አሁን አፌን ስከፍት የሚመጣው የእርስዎ ነው፤ የራሴ አይመጣም። ኢሶጋይ ሳንም ያውቁታል፤ ምንም አይሉኝም፣ ዝም ብለው ያዩኛል።»

ካዙኤ ሻዩን ይዛ ሰማቻት።

«ቅድም ያሉትን ሰማሁ» አለች ኦሚ ቀስ ብላ። «ሩሪ እንዲያ ነው የምትሞተው። እኔ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። ይፈቅዱልኝና እንደዚያው ልበለው? እርስዎ እንዳሉት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። እንዴት እንደሚባል አሁን ቢያሳዩኝ እይዘዋለሁ፤ ጆሮዬ ጥሩ ነው።»

በዚህ ሙያ ታላቅ እንዲህ አድርጊ ካለች ታናሽ ታደርጋለች፤ የሚከለክል የለም። አንድ ቃል ብትናገር ሩሪ በእሷ አባባል ትሞት ነበር። ድምፁ የሌላ ቢሆንም አባባሉ የእሷ ነው። በየቤቱ የሚሰማው፣ ሰዎች የሚያስታውሱት፣ ያ በቁምሳጥን ውስጥ ብቻዋን ያበጀችው ነገር ይሆናል። ለዚያ ነበር የጠበቀችው። ልጅቷ ደግሞ በሁለት እጇ ይዛ እያቀረበችላት ነው፤ መስረቅ እንኳ አያስፈልግም።

የኦሚን ጉሮሮ አየችው። ረጅም ነው፤ ስትውጥ ይንቀሳቀሳል። ሆን ተብሎ የተሻከረውን ድምፅ አሰበች። ይህች ልጅ ዛሬ የእሷን አባባል ከወሰደች ነገም ትወስዳለች፤ በሌላ ፊልም፣ በሌላ ልጅ ስም። ካዙኤ ራሷ ያ ድምፅ በር ሲዘጋባት ዓመታት አይታለች፤ በተውሶ የያዘው ሰው ምን እንደሚያገኝበት ማሰብ አልፈለገችም።

«እኔ ዛሬ ነርስ ነኝ» አለቻት። «ነርሷ ስትገባ ልጅቷ ምን እንደምትጠይቃት አታውቅም። እንዴት አድርጋ እንደምትጠይቃትም አታውቅም። ቀድሜ ካወቅኩ እውነተኛ መልስ ልሰጣት አልችልም።»

ኦሚ እንደ ተግሣጽ ቆጥራው አንገቷን ደፋች። ካዙኤ ግን እንዳልተቆጣች፣ አንድ ነገር ብቻ እንደምትለምናት ነገረቻት።

«ጉሮሮሽን አታሻክሪው። ያ በሽታዬ ነው፤ ያንቺ አይደለም። ሂጂ አሁን ፊትሽን ታጠቢ።»

ተመልሰው ገቡ። ቀዩ መብራት በራ፤ አሁን የሚቀዳው እውነተኛው ነው። ካዙኤ ሁለተኛው ማይክሮፎን ፊት ቆማ ከንፈሯን በጥርሷ ያዘች። ነጩ ላይ «ሩሪ» ወጣ።

«ዛሬ ሥራ የለኝም?» አለች ኦሚ።

በደስታ ነው ያለችው። ጠዋት ተነሥታ ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑን የሰማች ልጅ፣ እውነት እንዳይሆን ፈርታ፣ ግን ደስታዋን መደበቅ አቅቷት የምትጠይቀው ዓይነት ነበር። ንጹሕ ድምፅ ነው፤ መሻከር የለበትም። ካዙኤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሩሪ ደስ ሊላት ይችላል ብላ አስባ አታውቅም። ሰው መግደል ለታከታት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ዜና ምን አለ? «ነርስ» የሚለው ስም ወጣ፤ ካዙኤ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ስሙ ጠፋ። ጹሩማኪ በቦታው የሐኪሙን ንግግር ቀጠለና ትዕይንቱ እስከ ፍጻሜው ሄደ።

ኢሶጋይ በማጉያው የሩሪን እንደተቀበሉት፣ እንደገና እንደማያስሞክሩት፣ የነርሷ ለብቻው ኋላ እንደሚቀዳ ተናገሩ። ሥራው በዚህ አለቀ ማለት ነው። ሁሉም አጨበጨበ። ከድርጅቱ የመጡ ሰዎች እቅፍ አበባ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ የአበባው ወረቀት ስለሚንኮሻኮሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ኦሚ ወጥታ ተቀበለች። ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያ በአንድ ምግብ ቤት ቦታ ተይዞ ነበርና ወሬው ወደዚያ ዞረ።

ኦሚ አበባዋን ለሌላ ሰው አስይዛ ተመለሰች። ልቆይ፣ ለመልሱ እንዲመችዎ ጥያቄዬን ከጎንዎ ልበልልዎ አለች። ካዙኤ ሰዎች እየጠበቋት መሆኑን አስታውሳ አሰናበተቻት። ጹሩማኪ ኮፍያውን እየደፋ፣ ቶሎ ነይ፣ ዓሣውን ሳንጨርሰው ነይ አላት፤ መልሷን ግን አልጠበቀም፤ ያውቃታል። ከባዱ በር ተዘጋ። አራቱ ማይክሮፎኖችና ባዶዎቹ ወንበሮች ቀሩ።

«ናራሳኪ ሳን» አሉ ኢሶጋይ ከመስታወቱ ወዲያ፣ «ከነርሷ ንግግር ትንሽ ቀደም ካለው ቦታ እንጀምራለን። የልጅቷን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ላሰማዎት?»

«አያስፈልግም» አለች ካዙኤ። «ሰምቼዋለሁ።»

ቀዩ መብራት በራ። መጋረጃው ነጭ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ነፍስ የለም። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው።

«ሩሪ» የሚለው ስም ወጣ። የዚያች ጥያቄ ያህል ጊዜ ቆሞ ይቆያል። ያ የድሮው አባባል ወደ ጉሮሮዋ መጣ፤ ዝግጁ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ብትለው የሚከለክላት ሰው አልነበረም። ኋላ ከቅጂው ይቆረጣል፤ ኢሶጋይም አይናገሩም። ካዙኤ ከንፈሯን ገጠመች። ስሙ እስኪጠፋ ድረስ፣ አልጋ ወደማይታይበት ነጭ ዝቅ ብላ አየች፤ አንዲት ልጅ ደስ ብሏት የምትጠይቀውን ሰማች።

«ነርስ» ወጣ።

«የለሽም» አለች ካዙኤ። «ዛሬ የለሽም፤ ተኚ።»

የልጅ ድምፅ አልነበረም። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ድምፅ ነው፤ ማታ ከሥራ ገብታ ከራሷ ጋር የምታወራበት። በማይክሮፎን ፊት ተናግራበት አታውቅም ነበር።

«ተቀብያለሁ» አሉ ኢሶጋይ። «ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።»

ካዙኤ ጎንበስ አለች። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ስሙም ከመጋረጃው ላይ ጠፋ። ጽሑፏን ድምፅ ሳታሰማ አጠፈችና፣ መሄድ እንዳለባት እያወቀች፣ ነጩን እያየች ጥቂት ቆመች።